የተበላሸ ራጅ የሚመዘገብበት ክፍል፦ ለራዲዮግራፊ ተማሪ የተግባር ልምምድ የሚሰጥ የአንድ የምርመራ ማዕከል ግምገማ

ይህ ግምገማ የሚመለከተው በአቃቂ ቃሊቲ ክፍለ ከተማ ጫፍ፣ ከቃሊቲ ወደ ቱሉ ዲምቱ በሚወስደው መንገድ አቅራቢያ የሚገኝን አንድ መካከለኛ የምርመራ ማዕከል ነው። ስሙን አልጠቅስም፤ ከማቀርበው ምስጋና ጎን ሁለት ከባድ ቅሬታዎች አሉኝ፣ ቅሬታዎቹም ከማዕከሉ ባለቤትና ከኮሌጄ ጋር ገና እየተነጋገርንባቸው ያሉ ናቸው። እኔ የሦስተኛ ዓመት የራዲዮግራፊ፣ ማለትም የራጅ ማንሣት ሙያ፣ ተማሪ ነኝ። የ2018 ዓ.ም. የመጀመሪያው ሴሚስተር ሲጀመር የተግባር ልምምዴን፣ ማለትም በተለምዶ አታችመንት የምንለውን፣ በዚህ ማዕከል እንዳደርግ ተመደብሁ፤ ከጥቅምት መጀመሪያ እስከ ኅዳር መጨረሻ ድረስም በሳምንት አራት ቀን ሠርቻለሁ። የምጽፈው በመጪው ሴሚስተር የምደባ ቅጽ ለሚሞሉ ተማሪዎች ነው፤ ይሁን እንጂ ራጅ ለመነሣት ወደዚያ አካባቢ የሚሄድ ሰውም ከዚህ ጽሑፍ የሚጠቅመው ነገር ያገኛል ብዬ አምናለሁ።

ምደባ በተለጠፈ ቀን ተማሪዎች የሚጠያየቁት ነገር የታወቀ ነው፦ ቦታው ሲቲ ስካን አለው ወይ፣ ማሽኑ አዲስ ነው ወይ፣ ሎግቡክ (የተማሪውን የልምምድ መዝገብ) የሚፈርመው ሰው ቸር ነው ወይ። እኔም ይህንኑ ጠይቄ የተሰጠኝ መልስ አላስደሰተኝም ነበር። ማዕከሉ አንድ የራጅ ማሽን፣ አንድ አልትራሳውንድና ትንሽ ላቦራቶሪ እንጂ ሲቲ ስካንም ሆነ ኤምአርአይ የለውም። ባለፈው ዓመት የተመደብሁበት በመሀል ከተማ ያለ ትልቅ ሆስፒታል ሁሉም ነበረው፤ ነገር ግን በአንድ ባለሙያ ኋላ ስምንትና ዘጠኝ ሆነን እንቆም ስለነበር፣ ብዙ አይቼ በእጄ ያደረግሁት ጥቂት ሆኖ ነው የወጣሁት። የተበላሸ ምስል ሲወጣ ደግሞ ባለሙያው በአንድ ጠቅታ ያጠፋውና ታካሚውን እንደገና ያነሣዋል፤ ለምን እንደተበላሸ ለመጠየቅ ሰልፉ ጊዜ አይሰጥም። ስለዚህ አሁን የልምምድ ቦታን የምመዝንበት ጥያቄ ሌላ ነው፤ በዚያ ክፍል ራጅ ሲበላሽ ምን ይደረጋል ብዬ እጠይቃለሁ።

በዚህ ማዕከል የሚደረገው የሚከተለው ነው። በመቆጣጠሪያው ጠረጴዛ መሳቢያ ውስጥ ጠንካራ ሽፋን ያለው፣ በእጅ የተሰመረ መዝገብ አለ። አንድ ምስል መደገም ካለበት፣ ከመደገሙ በፊት ሳይሆን ታካሚው በሰላም ከወጣ በኋላ፣ ያነሣው ሰው ቀኑን፣ የተነሣውን የአካል ክፍል፣ የጨረሩን ጉልበትና መጠን የሚወስኑትን ኪሎቮልትና ሚሊአምፔር ሰከንድ፣ በመጨረሻም የተበላሸበትን ምክንያት በራሱ እጅ ይጽፋል። ተማሪም ይጽፋል፣ የዐሥራ አምስት ዓመት ባለሙያም ይጽፋል። ዓርብ ከሰዓት በኋላ፣ ተራው ሲሳሳ፣ የሳምንቱ ገጽ ተነብቦ ምስሎቹ አንድ በአንድ ይታያሉ። የጥፋቱ ባለቤት ስሙ ሳይጠራ ስለ ምስሉ ብቻ ነው የሚነገረው፤ እርግጥ ሁላችንም የእጅ ጽሕፈታችንን እናውቃለን።

የክፍሉ ኃላፊ፣ ሁላችንም ጋሼ የምንላቸው፣ በዚህ መዝገብ ላይ አንድ የተወሰነ ቃል እንዳይጻፍ ከልክለዋል። የመጀመሪያ ሳምንቴ ነበር። ከጤና ጣቢያ የሳንባ ነቀርሳ ተጠርጥረው የተላኩ አንድ አዛውንት ለደረት ራጅ ገቡ። እንደ ተማርሁት ደረታቸውን ከቋሚው ሰሌዳ ጋር አስጠጋሁ፤ አገጫቸውን ቀና አደረግሁ፤ የትከሻቸው ሳህን አጥንት ከሳንባው ላይ እንዲነሣ የእጆቻቸውን ጀርባ ወገባቸው ላይ አስደግፌ ክርናቸውን ወደ ፊት ገፋሁ፤ ጨረር የሚያመነጨውን ቱቦ 180 ሴንቲሜትር አርቄ «አባባ፣ ትንፋሽዎን ይያዙ» አልኋቸው። አዛውንቱም ያለኋቸውን አደረጉ፦ አየሩን በረዥሙ ወደ ውጭ ተነፈሱና ያዙ። በምስሉ ላይ ከዲያፍራም (ደረትን ከሆድ ከሚለየው የመተንፈሻ ጡንቻ) በላይ የቆጠርሁት የኋላ የጎድን አጥንት ሰባት ብቻ ነበር፤ በሙሉ ትንፋሽ ዐሥር ሊታይ ሲገባው። የሳንባው ግርጌ ነጥቶ፣ ልባቸውም ከልኩ በላይ ሰፍቶ ስለ ታየ፣ ያ ምስል ለራዲዮሎጂስት፣ ማለትም ምስሉን አንብቦ ውጤት ለሚጽፈው ሐኪም፣ ቢላክ የሌለ በሽታ ሊያስጠረጥር ይችል ነበር። ደገምሁት፤ ሁለተኛው መልካም ሆነ። ከዚያም መዝገቡን ከፍቼ በምክንያት ዓምዱ ሥር «ታካሚው አልተባበሩም» ብዬ ጻፍሁ።

ጋሼ አነበቡት። «ልጄ፣ ሰውየው እኮ ያልሻቸውን አድርገዋል። እዚህ መዝገብ ላይ አልተባበረም የሚባል ነገር አይጻፍም፤ አንቺ ምን እንዳልሽ ጻፊ» አሉኝ። ሰርዤ «ይያዙ አልሁ፤ አስቀድሜ ወደ ውስጥ ይሳቡ አላልሁም» ብዬ ጻፍሁ። በዚያ ቀን የተማርሁት ነገር ከየትኛውም የመማሪያ ክፍል ስላይድ ይልቅ በውስጤ ቀርቷል፤ «ይያዙ» የሚለው ትእዛዝ ብቻውን ለብዙ አዛውንት «ተንፍሰው ያቁሙ» ማለት ነው። አሁን መጀመሪያ ራሴ ከታካሚው ጋር ሆኜ አንዴ እለማመዳለሁ፣ አየር በደንብ ወደ ውስጥ ይሳቡ እላለሁ፣ የደረታቸውን መነሣት በመስታወቱ በኩል ዐይቼ ብቻ ቁልፉን እጫናለሁ። በዚያ አካባቢ ከሚመጣው ታካሚ ብዙው አፋን ኦሮሞ ተናጋሪ ስለሆነ፣ ትእዛዞቹ በሁለቱም ቋንቋ ተጽፈው ከመቆጣጠሪያው ጠረጴዛ በላይ ተለጥፈዋል፤ የማይናገር ተማሪም እስኪለምደው እያነበበ ይጠራል።

እዚህ ላይ ስለ መዝገቡ አንድ ነገር ማከል ይገባኛል፤ ምክንያቱም ሌላ ቦታ ይህን አሠራር ለመጀመር የሚያስብ ሰው ካለ፣ መዝገቡ ብቻውን ጉዳት ሊያመጣ እንደሚችል ማወቅ አለበት። ማሽኑ ፊልም አያጥብም፤ ሲአር በሚባለው ዘዴ፣ በካሴት ውስጥ ያለው የፎስፈር ሰሌዳ የተቀበለውን የጨረር ምስል ማንበቢያ ማሽን እያነበበ ወደ ኮምፒውተር ይልካል። በዚህ ዘዴ ጨረር ያነሰው ምስል አሸዋ የተነሰነሰበት መስሎ ወዲያውኑ ይጋለጣል፤ ጨረር የበዛበት ግን ኮምፒውተሩ ብርሃኑን ስለሚያስተካክለው ጥርት ብሎ ይወጣል። ድሮ በፊልም ዘመን ጨረር ሲበዛ ፊልሙ ጠቁሮ ጥፋቱን ይናገር ነበር፤ አሁን አይናገርም። እንግዲህ በመዝገብ ላይ መጻፍን የሚፈራ ተማሪ ምን ያደርጋል? ለማንኛውም ብሎ መጠኑን ከፍ ያደርጋል፤ ምስሉ አይደገምም፣ መዝገቡም ንጹሕ ይሆናል፣ ታካሚው ግን ያለ አስፈላጊነት ተጨማሪ ጨረር ተቀብሎ ይሄዳል። ጋሼ ይህን አስቀድመው ስላሰቡበት፣ እያንዳንዱ ምስል ከሲአሩ ማንበቢያ የሚወጣው የጨረር መጠን ጠቋሚ ቁጥር ተደግሞም ሆነ ሳይደገም በተማሪው ሎግቡክ ላይ እንዲጻፍ ያደርጋሉ። በሦስተኛው ሳምንት የእኔ የጉልበት ራጆች ቁጥር በሙሉ ከተፈቀደው ወሰን በላይ እንደ ነበር ያወቅሁት ከዚህ የተነሣ ነው፤ ምስሎቹን ለብቻቸው ያየ ሰው ግን «ጎበዝ» ብሎ ያመሰግነኝ ነበር።

ማሽኑ ራሱ ዕድሜ የጠገበ ነው። የጨረሩን መጠን በራሱ የሚቆርጥ ሥርዓት ስለሌለው፣ ሁሉም ነገር የሚሰላው በሰንጠረዥና በታካሚው ውፍረት ነው፤ ግድግዳው ላይ የተለጠፈው ሰንጠረዥ በጋሼ እጅ ተጽፎ፣ ቱቦው በተቀየረ ጊዜ እንደገና ታርሟል። ካሴቶቹ በሦስት መጠን አሉ፦ 35 በ43፣ 24 በ30 እና 18 በ24 ሴንቲሜትር። ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ ስንገባ የመጀመሪያው ሥራ ቱቦውን በአነስተኛ መጠን ማሟሟቅና ያደሩትን ካሴቶች በሙሉ በማንበቢያው ማጽዳት ነው፤ ሰሌዳው ሥራ ፈትቶ ቢያድርም ከአካባቢው ጨረር ጥቂት ጥቂት ስለሚያጠራቅም።

መብራት ይጠፋል። ይህን ቅሬታ አድርጌ አላቀርበውም፤ ጄኔሬተርም አላቸው። ግን አንድ ቀን ወገባቸውን ያነሣኋቸው እናት ካሴት ገና ሳይነበብ መብራት ጠፋ፤ ጄኔሬተሩም ወዲያው አልነሣ አለ። በድንጋጤ «መድገም ሊኖርብን ነው» ስል ጋሼ ካሴቱን ከእጄ ተቀብለው ጠረጴዛ ላይ አስቀመጡትና ታካሚዋን ሻይ እንዲጠጡ አሰናበቷቸው። በፎስፈር ሰሌዳ ላይ የተቀመጠው ምስል የሚደበዝዘው ቀስ በቀስ ሲሆን፣ በ8 ሰዓት ውስጥ እንኳ የሚጠፋው ከጉልበቱ አንድ አራተኛ ያህሉ ነው። ከአርባ ደቂቃ በኋላ መብራት መጥቶ ምስሉ ያለ እንከን ተነበበ። ይህን በፈተና ጽፌ ነጥብ አግኝቼበታለሁ፤ ሆኖም የአንዲትን እናት ወገብ ያለ ምክንያት ሁለተኛ ጊዜ ከማንሣት የሚያድን ዕውቀት መሆኑን ያስተዋልሁት ያን ዕለት ነው።

ሌላው ለዚህ ቦታ ከፍ ያለ ግምት እንድሰጥ ያደረገኝ ነገር ሰውን የሚያስተናግዱበት መንገድ ነው። ለደረት ራጅ የሚገባ ሰው አንገቱ ላይ ያለው ነገር ሁሉ ይነሣ ዘንድ ግድ ነው፤ ሀብል፣ መስቀል፣ ቆዳ የለበሰ ክታብ ሁሉም ሳንባው ላይ ጥላ ይጥላል፤ ወደ ፊት የወረደ የተጎነጎነ ሹሩባም የሳንባውን ጫፍ ይሸፍናል። በሌላ ቦታ «ያንን አውልቁት» ሲባልና ታካሚዎች ማተባቸውን ላለመበጠስ ሲከራከሩ አይቻለሁ። እዚህ ማንም ማተቡን አይበጥስም። መስቀሉ በክሩ እንዳለ ወደ ላይ ተስቦ በአገጭ ሥር ከፍ ይላል ወይም ወደ ራስ ቅል ጀርባ ይዞራል፤ ክሩ ራሱ ቀጭን ስለሆነ ምስሉን አያበላሽም። ሹሩባው በጨርቅ ተጠቅልሎ አናት ላይ ይታሰራል። የሒጃብ መርፌ ያላት ሴት ከሆነች ሴት ተማሪ ወይም ነርሷ ትረዳታለች። ቀለበቱ አልወጣ ያላቸውን እናት ደግሞ፣ የሚፈለገው የእጃቸው አንጓ ብቻ እስከሆነ ድረስ፣ ጣታቸውን በሳሙና ማሸት አያስፈልግም። ቪልሄልም ሮንትገን እ.ኤ.አ. በ1895 ጨረሩን ባገኘ ጥቂት ሳምንታት ውስጥ የሚስቱን እጅ ሲያነሣ ቀለበቷ እንዳለ በምስሉ ላይ መታየቱን ጋሼ ለእኚያው እናት ነግረዋቸው ነበር፤ እናትየዋም በመደነቅ ቀለበታቸውን እያዩ ወጡ።

በመውለድ ዕድሜ ያለች ሴት ሆዷን፣ ዳሌዋን ወይም ወገቧን ከመነሣቷ በፊት የመጨረሻ የወር አበባዋ መቼ እንደ መጣ ልትጠየቅ ይገባል። ይህ በመጽሐፍ ቀላል ነው። በዚያ አካባቢ ግን የሚሰጠው መልስ ብዙ ጊዜ በቁጥር አይደለም፤ «ለማርያም ማግሥት»፣ «ከመድኃኔ ዓለም ሁለት ቀን ቀደም ብሎ» ይባላል። ኮምፒውተሩ በበኩሉ የሚቀበለው የፈረንጅ አቆጣጠር ብቻ ነው። የመጀመሪያዎቹን ቀናት በጣቴ እየቆጠርሁ ተሳስቻለሁ፤ በኋላ 12 ሚካኤል፣ 19 ገብርኤል፣ 21 ማርያም፣ 27 መድኃኔ ዓለም እያልሁ ከፈረንጁ ቀን ጋር ያስተያየሁትን የወሩን ሰንጠረዥ ሠርቼ ከሰሌዳው ጎን ለጠፍሁ፤ አሁን የመዝገብ ክፍሏ ሠራተኛም ትጠቀምበታለች። ጥያቄው የሚጠየቀው ታካሚዋ ብቻዋን ሆና እንዲሆን ጋሼ አጥብቀው ያዝዛሉ፤ ከእናቷ ወይም ከባሏ ፊት የተጠየቀች ልጅ እውነቱን ትናገራለች ብሎ ማሰብ አይቻልምና። ነገር ግን በዚህ በኩል ማዕከሉን መውቀስ አለብኝ። የልብስ መቀየሪያው በመጋረጃ ብቻ የተከለለ፣ መጋረጃውም ከመጠበቂያው አግዳሚ ወንበር አንድ ክንድ የማይርቅ ስለሆነ፣ በውስጥ በቀስታ የተጠየቀው ሁሉ በውጭ ይሰማል። ጋውኑም ሦስት ብቻ ነው፤ ሰኞና ማክሰኞ፣ ሰው በሚበዛበት ቀን፣ ታጥቦ እስኪደርቅ ታካሚዎች በነጠላቸው ይገባሉ። ነጠላ በራሱ ምስል አያበላሽም፣ ጥለቱ ወፍራም ወይም ባለ ብረት ክር ካልሆነ በቀር፤ ይሁንና በግማሽ ልብስ መጋረጃ ጨብጦ ተራ የሚጠብቅ ሰው የሚሰማው ኀፍረት በአንድ በርና በስድስት ተጨማሪ ጋውን ሊወገድ የሚችል ነው።

የአጥንት ስብራት በዚህ ማዕከል ብዙ ነው፤ ከኮንዶሚኒየም ግንባታ የሚወድቁ የቀን ሠራተኞች፣ ከባጃጅ የተገለበጡ፣ ከፋብሪካ ማሽን እጃቸውን ያስያዙ ይመጣሉ። ለተማሪ ይህ ሀብት ነው ማለት ይከብደኛል፣ ግን እውነቱ ይኸው ነው። ከሁሉ የማልረሳው በወጌሻ ታስሮ የመጣ የስድስት ዓመት ልጅ ነው። ከደረጃ ወድቆ ክርኑ አብጦ ነበር፤ በቀርከሃና በጨርቅ ታስሮ ሦስተኛ ቀኑ። አባትየው ገና ከመግባታቸው ይቅርታ መጠየቅ ጀመሩ። ጋሼ ማሽኑን ሳይነኩ መጀመሪያ የልጁን ጣቶች ያዙ፤ ሙቀታቸውን፣ ቀለማቸውን፣ መንቀሳቀሳቸውን አዩ። ማሰሪያው ደም ከዘጋ ራጅ የሚጠብቅ ነገር ነው፣ ጣቶቹ ግን አይጠብቁም። ጣቶቹ ሙቅ መሆናቸውን ካረጋገጡ በኋላ ለአባትየው «እንኳን አመጡት» ብቻ አሏቸው። ከዚያም ማሰሪያውን ሳንፈታ፣ ክርኑንም በግድ 90 ዲግሪ ሳናጥፍ፣ ልጁ በተመቸው መልክ ክንዱን አስቀምጠን ቱቦውን በዙሪያው አዞርን፤ ከፊትና ከጎን፣ ሁለት ምስል። የተሰበረን አካል ማዞር ሳይሆን ቱቦውን ማዞር የሚለው ትምህርት በክፍል ውስጥ አንድ መስመር ነበር። ልጁን የያዙት አባቱ ናቸው፤ እርሳስ ከሚባለው ብረት የተሠራ፣ ጨረር የሚከላከል ሽርጥ ማለትም አፕሮን ለብሰው፣ ከዋናው ጨረር ውጭ ቆመው። ተማሪም ሆነ ባለሙያ ልጅ አይዝም፤ አንድ ወላጅ በሕይወቱ አንዴ ሊይዝ ይችላል፣ እኛ ግን ከያዝን በየቀኑ ይሆናልና።

አፕሮኑን ካነሣሁ ወደ መጀመሪያው ከባድ ቅሬታዬ ልግባ። ክፍሉ ሁለት የእርሳስ አፕሮኖች ነበሩት፣ ሁለቱም 0.5 ሚሊሜትር እርሳስ ያህል የሚከላከሉ። ስደርስ ሁለቱም በወንበር መደገፊያ ላይ ታጥፈው ይቀመጡ ነበር። የእርሳሱ ንጣፍ በተደጋጋሚ በአንድ ቦታ ሲታጠፍ ይሰነጠቃል፤ ስንጥቁ በውጭ ጨርቁ ስለሚሸፈን በዐይን አይታይም። በአራተኛው ሳምንት ቅዳሜ፣ ሥራ ካለቀ በኋላ፣ አፕሮኖቹን ራሳቸውን ራጅ እንድናነሣ ጠየቅሁ፤ ጋሼም ወዲያው ተስማሙ። እያንዳንዱን ጠረጴዛው ላይ ዘርግተን በ35 በ43 ካሴት ከፋፍለን አነሣናቸው። አንደኛው ንጹሕ ሆኖ ተገኘ። በሁለተኛው ላይ በወገቡ መታጠፊያ፣ ስንዝር የሚያህል ጥቁር መስመር ወጣ፤ ጨረሩ ያለፈበት መንገድ ነው። ስንት እናትና አባት ያንን ለብሰው ልጃቸውን እንደ ያዙ አላውቅም፣ ልቤን ከብዶታል። የማዕከሉን አስተዳደር አመሰግናለሁ፤ የተሰነጠቀው በዚያው ቀን ከሥራ ወጥቷል፣ በሳምንቱም ግድግዳው ላይ ማንጠልጠያ ተተክሏል። ይሁን እንጂ አዲስ አፕሮን እስከምወጣ ድረስ ስላልተገዛ፣ ሁለት ሰው ልጅ መያዝ ሲኖርበት አንዱ ሳይጠበቅ ይቀራል፤ ወይም እንደ እኛ አሠራር ምርመራው ይዘገያል።

ከሁለቱ የሚበረታው ሁለተኛው ቅሬታዬ ይህኛው ነው፤ ማዕከሉንም ኮሌጄንም ይመለከታል። ቋሚ ሠራተኞቹ በደረታቸው ላይ የጨረር መለኪያ ባጅ ያደርጋሉ፤ በውስጡ ያለው የሊቲየም ፍሎራይድ ክሪስታል የተቀበለውን ጨረር አጠራቅሞ ይይዝና በየጊዜው ተልኮ ይነበባል። እኛ ተማሪዎች የለንም። ዓለም አቀፉ የጨረራ መከላከያ ኮሚሽን ለባለሙያ ያስቀመጠው ወሰን በአምስት ዓመት አማካይ በዓመት 20 ሚሊሲቨርት (የጨረር መጠን መለኪያ ነው)፣ በየትኛውም አንድ ዓመት ደግሞ ከ50 የማይበልጥ ሲሆን፣ ከ18 ዓመት በላይ ያለ ተማሪም በልምምድ ላይ እያለ የሚቆጠረው ከሠራተኛ ጋር ነው። ባልተለካ ነገር ላይ ወሰን ማስቀመጥ ምን ይጠቅማል? ማዕከሉ ባጅ የሚሰጠው ኮሌጁ ነው ይላል፤ ኮሌጁ የልምምድ ቦታው ነው ይላል። እኔ ሁልጊዜ ከእርሳስ መስታወቱ ኋላ ስለምቆም የተቀበልሁት መጠን እዚህ ግባ የማይባል ነው ብዬ አምናለሁ፤ ክፍሉም በዚህ በኩል ጥብቅ ነው፣ በሩ ሳይዘጋ ማንም ቁልፍ አይጫንም። ነገር ግን እምነት ልኬት አይደለም። ለኮሌጁ በጽሑፍ አቤቱታ አስገብቼ መልስ እየጠበቅሁ ነው።

የቀረውን ባጭሩ ልናገር። መጓጓዣው ከባድ ነው፤ ከመሀል ከተማ የሚመጣ ተማሪ ቃሊቲ መናኸሪያ ድረስ አውቶቡስ፣ ከዚያ ሚኒባስ፣ ከአስፋልቱ ወደ ውስጥ ደግሞ ባጃጅ መያዝ ስላለበት፣ ሁለት ሰዓት ላይ ለመግባት ከዐሥራ ሁለት ሰዓት በፊት መነሣት አለበት። ምሳ ከበሩ አጠገብ ባለች ትንሽ ቤት ሽሮና በየዓይነቱ ይገኛል። ማዕከሉ ከተማሪ ክፍያ አይጠይቅም። ራዲዮሎጂስቷ በሳምንት ሦስት ቀን ከሰዓት በኋላ ይመጣሉ፤ ድንገተኛ ካልሆነ በቀር የታካሚው የጽሑፍ ውጤት እርሳቸውን ይጠብቃል። ስለዚህ ቸኩሎ ውጤት የሚፈልግ ታካሚ ቀኑን አስቀድሞ ቢጠይቅ ይሻለዋል። ለተማሪ ግን እነዚያ ሦስት ቀናት ውድ ናቸው፤ ራዲዮሎጂስቷ ምስል ሲያነቡ አጠገባቸው ወንበር ይሰጣሉ፣ ያነሣኸው ምስል ላይ ምን እንዳላዩ ይነግሩሃል፣ ለምን እንዳላዩም ያሳዩሃል። አንድ ጊዜ የግራና የቀኝ ምልክት ሳላስቀምጥ ያነሣሁትን ደረት አላነብም ብለው መለሱልኝ፤ በኮምፒውተር በኋላ የሚጻፍ ፊደል ያነሣው ሰው ማስታወስ ብቻ እንጂ ማስረጃ አይደለም፣ በሳንባ ዙሪያ የቋጠረ ውኃ በመርፌ የሚቀዳው ሐኪም ደግሞ በዚያ ፊደል ነው የሚተማመነው። ያንንም መዝገቡ ላይ ጻፍሁ።

ይህን ቦታ ማን ይምረጥ? መሠረታዊ ራጅን፣ ማለትም ደረትን፣ እጅና እግርን፣ አከርካሪን በራሱ እጅ እስኪጠግብ መሥራት የሚፈልግ የሁለተኛና የሦስተኛ ዓመት ተማሪ ያለ ማመንታት ይምረጠው። ሲቲና ኤምአርአይ ለመመረቂያ ፈተና የሚያስፈልገው የአራተኛ ዓመት ተማሪ ግን እዚህ ሊያገኘው ስለማይችል ሌላ ቦታ ይጠይቅ። የሚመደብ ሁሉ ከመሄዱ በፊት የጨረር መለኪያ ባጅ ከኮሌጁ በጽሑፍ ይጠይቅ፣ የደብዳቤውንም ቅጂ ይያዝ። ቀጣዮቹ ሁለት ተማሪዎች በየካቲት ይገባሉ። የተሰነጠቀውን አፕሮን ምስል አሳትሜ በማንጠልጠያው አጠገብ ለእነርሱ ለጥፌላቸዋለሁ።